ዜሮና ባዶ ሳጥን፦ የፓርክ ክትትል ዳታ እንዴት ለጥበቃ ውሳኔ ይበቃል?

እንደምን ዋላችሁ። አንድ የመስክ ቅጽ በዓይነ ሕሊናችሁ ያዙልኝ። ቦታው ‹መስመር 7› ይላል። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የቆጣሪዎቹ ስም ተሞልቷል። ‹የታዩ እንስሳት ብዛት› የሚለው ሳጥን ግን ባዶ ነው። ምን ማለት ነው? መስመሩን እስከ ጫፍ ሄደው ምንም አላዩ ይሆናል። ጭጋግ ወርዶባቸው ከመንገድ ተመልሰውም ይሆናል። ወይም አይተው መጻፉን ረስተዋል። በዚያው ሳምንት ብትጠይቋቸው ይነግሯችኋል። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን የሚጠየቅ ሰው አይገኝም፤ ወረቀቱ ብቻ ይቀራል። ቅጹን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ሰው ባዶውን ዜሮ ብሎ ከሞላው ያልተሄደበት መንገድ ‹እንስሳ የሌለበት› ይሆናል። ዘሎት ካለፈ ደግሞ ሰዎቹ ሄደው ያጡባቸው ቀናት ከስሌቱ ይወጡና እንስሳው ካለው በላይ የበዛ ይመስላል።

የዛሬው ንግግራችን ከዚህች ሳጥን ይነሳል። የክትትል ዳታ ለውሳኔ የሚበቃው ‹ምን ታየ› ከሚለው ጎን ‹እንዴት ተፈለገ› የሚለውም ተመዝግቦ ሲገኝ ነው። ከዳታ አያያዝ ጥፋቶች አብዛኞቹ ሁለተኛው ተዘንግቶ የሚመጡ ናቸው።

ሥራው በሠንጠረዥ አሠራር ይጀምራል። የተለመደው አንድ ሰፊ የኤክሴል ገጽ መክፈትና ለእያንዳንዱ የታየ እንስሳ አንድ ረድፍ መስጠት ነው። በዚህ አያያዝ ምንም ያልታየበት ጉዞ የሚጻፍበት ረድፍ የለውም፤ እንዳልተሄደ ይቆጠራል። ስለዚህ ዳታውን በሦስት ሠንጠረዦች ክፈሉት። አንደኛው የቦታ ነው፤ እያንዳንዱ መስመር፣ የናሙና ቦታ ወይም የውሃ መለኪያ ነጥብ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከነመገኛውና ከተከፈተበት ቀን ጋር ይገባበታል። ሁለተኛው የጉብኝት ነው፤ መቼ ተሄደ፣ እነማን ሄዱ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ስንት ኪሎ ሜትር ተሸፈነ፣ አየሩ እንዴት ነበር፣ በየትኛው የፕሮቶኮል (የአሠራር መመሪያ) ቅጂ ተሠራ፣ ተጠናቋል ወይስ ተቋርጧል። ሦስተኛው የምልከታ ነው፤ የታየው ነገር እዚህ ይጻፋል። ምንም ካልታየ ሦስተኛው ሠንጠረዥ ላይ የሚጨመር ረድፍ አይኖርም፤ የጉብኝቱ ረድፍ ግን ‹ተጠናቋል› ብሎ በቦታው ይቀመጣል፤ ዜሮው ከዚያ ይሰላል። ያ ሁሉ ግራ መጋባት በዚህ ያልቃል።

ሦስቱን የሚያስተሳስራቸው መለያ ኮድ ነው። ኮዱ ውስጥ ሊለወጥ የሚችል ነገር አታስገቡ፤ የኬላ ስም ይቀየራል፣ የክልል ወሰን ይቀየራል፣ ኮዱ ግን መቀየር የለበትም። የተዘጋ መስመር ኮድ ለአዲስ መስመር ሲሰጥ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች በዳታው ውስጥ አንድ ይሆናሉ፤ መለያየቱ ኋላ አሳር ነው።

ያልተለካን ነገር በተመለከተ አንድ የቆየ ልማድ አለ፤ ‹-9999› ብሎ መጻፍ። ተዉት። ዘጠኝ ጊዜ 20 ዲግሪ የተነበበበት፣ አንድ ጊዜ ቴርሞሜትሩ ተሰብሮ -9999 የተጻፈበት ሠንጠረዥ አማካዩ ከዜሮ በታች 981.9 ዲግሪ ነው። ይህን ያየ ሁሉ ይስቃል፤ ስህተቱንም ያርማል። አደገኛው ኮዱ 99 ሆኖ የሚለካው ነገር የአየር እርጥበት በመቶኛ ሲሆን ነው፤ ያኔ ማንም አይስቅም፣ ማንም አያርምም። ሳጥኑን ባዶ ትታችሁ አጠገቡ ምክንያቱን የሚይዝ ዓምድ ክፈቱ፤ አልተለካም፣ መሣሪያው ተበላሽቷል፣ ጽሑፉ አይነበብም።

የውሃ ጥራት ዳታ ላይ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ዜሮ አለ፤ ንጥረ ነገሩ ከቤተ ሙከራው የመለካት አቅም በታች ሲሆን። የድሮው መሣሪያ ከ0.05 ሚሊ ግራም በሊትር በታች ማየት አይችልም እንበል፤ ያልታየውን በልማድ ግማሹን፣ 0.025፣ ብለው ሞሉት። ዓመታት አልፈው እስከ 0.01 የሚያይ መሣሪያ ተገዛ፤ ያልታየው አሁን 0.005 ተብሎ ይሞላል። ግራፉ ላይ ብክለቱ በአምስት እጥፍ ቀንሶ ይታያል፤ ወንዙ ግን ያው ወንዝ ነው። የተቀየረው መሣሪያው ብቻ ነው። መፍትሔው የመለካት ወሰኑን በራሱ ዓምድ ከእያንዳንዱ ውጤት ጋር መያዝና ‹ከወሰን በታች› የሚለውን በቁጥር አለመተካት ነው። ለእንዲህ ያለው ዳታ የሚሆኑ የስታቲስቲክስ ዘዴዎች አሉ፤ ቁጥሩ አስቀድሞ ከተተካ ግን ሊሠሩ አይችሉም።

አሁን ወደ ጥረት፣ ማለትም ምን ያህል እንደተፈለገ፣ እንምጣ፤ የጥበቃ ኃላፊዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ባለፈው ሩብ ዓመት 12 ወጥመድ ተለቀመ፣ በዚህኛው 24 ተለቀመ እንበል። ሪፖርቱ ‹አደን በእጥፍ ጨመረ› ሊል ይዳዳዋል። ጉብኝቱን ግን እዩት፤ ያኔ 120 ኪሎ ሜትር ተኪዷል፣ አሁን 360። በ100 ኪሎ ሜትር ሲሰላ ከ10 ወደ 6.7 ወርዷል። እንዲያውም እዚህ ላይ አትቁሙ። ጠባቂዎች የሚሄዱት በዕጣ አይደለም፤ ወጥመድ ይኖራል ወዳሉበት ይሄዳሉ፣ አዳኙም የእነሱን መንገድ ተምሮ ይሸሻል። ቁጥሩ ሲወርድ አደን ቀንሶ ሊሆን ይችላል፤ አዳኙ ሁለት ሸንተረር ወዲያ ዘወር ብሎም ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት የኪሎ ሜትሩ ድምር አይበቃም፤ የጂፒኤሱን ሙሉ ዱካ ማስቀመጥ፣ ፓርኩን በእኩል አራት ማዕዘኖች ከፍሎ የትኛው ስንት ጊዜ እንደታየ ማወቅ፣ ከቅኝቶቹም ጥቂቱን ‹ምንም የለበትም› ወደሚባሉት አራት ማዕዘኖች በዕጣ መላክ ያስፈልጋል። ይህ መጨረሻው ብዙ ጊዜ ተቃውሞ ይገጥመዋል፤ ‹በከንቱ መድከም› ይባላል። የሌሎቹን አራት ማዕዘኖች ቁጥር ለማመን የሚያስችለው ግን እሱ ነው።

በመስመር ላይ እንስሳ ስትቆጥሩም ያው ነው። ሣር ረዝሞ ያልታየ ሚዳቋ ሞቷል ማለት አይደለም። ለዚህ የተበጀው ዘዴ ከመስመሩ እስከ እንስሳው ያለውን ቀጥተኛ ርቀት መለካት ነው፤ ርቀቱ ሲጨምር የመታየት ዕድሉ ምን ያህል እንደሚወርድ ከዚያ ይሰላል። ስሌቱ እንዲያስተማምን በዝርያ ከ60 እስከ 80 ያህል ምልከታ ይመከራል። እንስሳው ከቆጣሪው 40 ሜትር ርቆ፣ ከመስመሩ አቅጣጫ በ30 ዲግሪ ላይ ከታየ ከመስመሩ ያለው ርቀት 20 ሜትር ነው። በዓይን ሲገመት ቁጥሮቹ 5፣ 10፣ 20፣ 50 ላይ ይከመራሉ፤ ዜሮ ላይም በጣም ይከመራሉ፤ ፊት ለፊት የታየ እንስሳ ሁሉ ‹መስመሩ ላይ ነው› እየተባለ። ዜሮው ከበዛ የብዛት ግምቱ ያብጣል። ስለዚህ በሌዘር መለኪያና በኮምፓስ ለኩ፤ የርቀቱን ባር ግራፍም ቆጠራው ሳያልቅ በመጀመሪያው ቀን ማታ ሥሩት። ክምሩን ያኔ ካያችሁት በማግሥቱ ቆጣሪውን ማረም ይቻላል።

ስለ መገኛ ነጥብ አጠር አድርገን እንለፍ። የኬክሮስ አንድ ዲግሪ ወደ 111 ኪሎ ሜትር ነው፤ አራተኛው የአስርዮሽ ቤት 11 ሜትር፣ አምስተኛው አንድ ሜትር ገደማ። 9 ዲግሪ ከ30 ደቂቃን ‹9.30› ብሎ የጻፈ ሰው ነጥቡን በ22 ኪሎ ሜትር አንቀሳቅሷል፤ ትክክሉ 9.5 ነው። የካርታው መነሻ ሥርዓት ካልተጻፈም ችግር አለ፤ አዲንዳን በሚባለው የቆየ ሥርዓት የተነበበ ነጥብ የዛሬ ጂፒኤስ በሚጠቀምበት ሥርዓት ላይ እንዳለ ቢጣል ከ200 ሜትር በላይ ይስታል፤ ምንጩ ከወንዙ ማዶ ይገኛል። ሌላም ልብ በሉ፤ አሜሪካ ለሲቪል ተጠቃሚ ሆን ብላ ታደበዝዘው የነበረውን የጂፒኤስ ሲግናል ሙሉ በሙሉ የለቀቀችው በግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተነበበ ነጥብ አምስት የአስርዮሽ ቤት ቢኖረውም እስከ 100 ሜትር ሊስት ይችላል። ስለዚህ ከነጥቡ ጎን የስህተት ወሰኑ በሜትር ይጻፍ።

ሰዓትና ቀን ከመገኛው ይብሳሉ። ‹05/03› ለአንዱ መጋቢት 5 ነው፣ ለሌላው ግንቦት 3፤ ኤክሴል ደግሞ ማንንም ሳይጠይቅ ይቀይረዋል። ዓመት፣ ወር፣ ቀን በዚህ ተራ፣ 2024-03-05 ተብሎ ይጻፍ፤ ከተቻለም በሦስት የተለያዩ ዓምዶች። ሁለት ዘመን አቆጣጠር በሚሠራበት ቦታ የትኛው እንደሆነ ቅጹ ላይ ይታተም። ሰዓትን ከንጋት የሚቆጥርና ከእኩለ ሌሊት የሚቆጥር ሰው አንድ ቅጽ ከተጋሩ የስድስት ሰዓት ልዩነት ይፈጠራል፤ ‹3 ሰዓት› ላይ የታየ ቀን ወጪ እንስሳ ሌሊት ወጪ ተብሎ ይቀራል።

ጫካ ውስጥ በራሳቸው ፎቶ የሚያነሱት ካሜራዎች ላይ ይህ በቅርብ ይታያል። ባትሪ ሲቀየር የአንዳንዱ ካሜራ ሰዓት ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚነሳው ፎቶ ሁሉ ከዓመታት በፊት የተነሳ ይመስላል። መድኃኒቱ አንድ ወረቀት ነው። ካሜራውን እንዳሠራችሁ የቦታው ኮድ፣ ቀኑና ከጂፒኤስ የተነበበው ሰዓት በጉልህ የተጻፈበትን ወረቀት ሌንሱ ፊት ያዙና ፎቶ ይነሳ። ስታወርዱትም ካርዱን ሳታወጡ ያንኑ ድገሙ። በወረቀቱ ሰዓትና ካሜራው በፎቶው ላይ ባተመው ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት በሁለቱም ጫፍ አንድ ከሆነ፣ ያን ያህል ለሁሉም ፎቶ ትደምራላችሁ። ልዩነቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከተቀየረ በመሃል አንድ ነገር ሆኗል፤ የት ላይ እንደዘለለ ፈልጉ። የተስተካከለው ሰዓት አዲስ ዓምድ ላይ ይግባ፤ የመጀመሪያው አይነካ።

የመጀመሪያውን ያለመንካት ደንብ ለዝርያ ስምም ይሠራል። በአፍሪካ ‹ወርቃማ ቀበሮ› እየተባለ ከእስያው ጋር በአንድ ስም ሲመዘገብ የኖረው እንስሳ በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣ የዘረ መል ጥናት ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ ታወቀ፤ ዛሬ የአፍሪካ ተኩላ ይባላል። የድሮውን ስም በአዲሱ የተካ ፓርክ ያኔ የተጻፈው ምን እንደነበር ማወቅ አይችልም። ሁለት ዓምድ ይኑር፤ በመስክ የተጻፈው ስምና ዛሬ ተቀባይነት ያለው ስም። እርግጠኛ ያልሆነ ቆጣሪም ‹አይጥ፣ ዝርያው ያልተለየ› ብሎ እንዲጽፍ ቅጹ ይፍቀድለት፤ ቅጹ ካስገደደው ይገምታል፣ ግምቱም ከእውነተኛው ጋር ይቀላቀላል።

ማጣራት ላይ ቆየት እንበል። ወረቀቱ በተሞላ በሳምንት ውስጥ ይግባ፤ ከቆየ የጽሑፉ ባለቤት ራሱ አያነበውም። ያስገባው ሰው ሌላ፣ ከወረቀቱ ጋር የሚያመሳክረው ሰው ሌላ ይሁን፤ ከሁለቱ አንዱ መስክ የወጣ ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ ማሽኑ ይፈትሸው። የመጀመሪያው ፍተሻ ወሰን ነው፤ የውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ0 እስከ 14 ካልሆነ ይመለስ። ሁለተኛው እርስ በርስ መስማማት ነው፤ ጉብኝቱ ያለቀው ከተጀመረበት ሰዓት በፊት ከሆነ አንዱ ስህተት ነው። ሦስተኛው ከታሪክ ጋር ማስተያየት ነው። አንድ ዛፍ ግንዱ ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ ሲለካ በተከታታይ ሦስት ዙር 44.8፣ 54.2፣ 45.9 ሳንቲ ሜትር ሆነ። የመሃሉ 45.2 የነበረ ይመስላል፤ አሃዞቹ ቦታ ተለዋውጠው ይሆናል። ወረቀቱ ላይ 45.2 ከሆነ ታረመ። ወረቀቱም 54.2 ካለ ግን አታርሙት፤ ‹አጠራጣሪ› የሚል ምልክት አድርጉበትና ይቀመጥ። ተንታኙ አውጥቶ ሊያሰላ ይችላል፤ እናንተ ግን የሰማችሁትን እንጂ የመሰላችሁን አትጻፉ።

ያልተጠበቀ ቁጥር ሁሉ ስህተት አለመሆኑም አይረሳ። የጎርፍ ቀን የወንዝ ከፍታ ከወሰን ውጭ ነው፤ ፓርኩ ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ቀን ደግሞ እሱ ነው። ከወሰን ያለፈን የሚሰርዝ ፕሮግራም ጎርፉን ይሰርዛል። ማሽን ምልክት ያድርግ፤ የሚፈርደው ሰው ይሁን። ተጣርቶ ያላለቀው ‹ጊዜያዊ›፣ ያለቀው ‹የጸደቀ› የሚል መለያ ከሌለው ሁለቱ በአንድ ሪፖርት ውስጥ ይደባለቃሉ።

ይህ ሁሉ ገንዘብና ሰው ይበላል፤ እዚያ ላይ መዋሸት አይገባም። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ከ270 በላይ ፓርኮችን በ32 የክትትል መረቦች ሲያደራጅ፣ መረቦቹ ከሀብታቸው ሲሶ ያህሉን ለዳታ አያያዝ፣ ለትንተናና ለሪፖርት እንዲመድቡ መክሯል። ብዙ ቦታ በጀቱ በሙሉ ለመኪና፣ ለነዳጅና ለአበል ይውልና ዳታው ‹ሲመቸን እናስገባዋለን› ይባላል። እንዲያ ከሆነ መስመሮቹን መቀነስ ይሻላል። አሥር በሚገባ የተያዙ መስመሮች ሣጥን ውስጥ ከተቀመጡ አርባ መስመሮች ይበልጣሉ።

ዘዴ ስትቀይሩ ደግሞ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አሂዱ፤ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት። በእግር ይቆጠር የነበረ እንስሳ በድሮን መቆጠር ከጀመረ፣ የተገኘው ጭማሪ የእንስሳው ይሁን የድሮኑ የምታውቁት ሁለቱን በአንድ ወቅት፣ በአንድ ቦታ ካስተያያችሁ ብቻ ነው። ያ ካልተደረገ የቀደመው ዳታ እዚያ ላይ ይቆረጣል።

ይህ ዳታ ለውሳኔ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ለማየት በሰሜን አሜሪካ ሱፒሪየር ሐይቅ ውስጥ ያለችውን የአይል ሮያል ደሴት ፓርክ ተመልከቱ። ተኩላውና ሙስ የሚባለው ግዙፍ አጋዘን ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክትትል ላይ ናቸው፤ በበረዶው ወቅት ከትንሽ አውሮፕላን ይቆጠራሉ። በ1980 ተኩላው 50 ደርሶ ነበር፤ በ2016 ሁለት ቀሩ። ፓርኩ በ2018 ተኩላ ከውጭ አምጥቶ ለመጨመር ወሰነ፤ እስከ 2019 ድረስም 19 ተኩላዎች ገቡ። ዳታው ባይኖር ‹ተኩላ ይጠፋል፣ ይመጣል፣ የተፈጥሮ ነው› ማለት ይቻል ነበር። የስድሳ ዓመቱ መዝገብ ግን በቅርብ ዝምድና መዋለድ እንደጎዳቸው፣ ከዋናው መሬት የሚያሻግረው የበረዶ ድልድይም እየሳሳ እንደሄደ አብሮ አሳየ። ጣልቃ መግባት ይገባል አይገባም የሚለው ክርክር ግን ዓመታት ወሰደ፤ ይህን ቁጥር አይመልሰውም።

ክርክሩን የሚያሳጥረው የእርምጃ ነጥብን ቁጥሩ ከመምጣቱ በፊት መስማማት ነው። ለምሳሌ ‹የአገር በቀል ዛፍ ችግኝ በሄክታር ከዚህ በታች ለሁለት ተከታታይ ዙር ከወረደ አጥር ይታጠራል› ብሎ አስቀድሞ መፈረም። ቁጥሩ ከመጣ በኋላ የሚደረግ ስምምነት ሁሌም ‹አንድ ዓመት እንጠብቅ› ይሆናል። ሪፖርቱም የሥራ ዕቅድ ከሚወጣበት ቀን በፊት ይድረስ፤ አንድ ገጽ፣ አንድ ግራፍ፣ ከነስህተት ወሰኑ። መቶ ገጹ ለሚፈልገው ይቀመጥ።

ስለ ማከማቻ ብዙ አንልም፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከግቢው ውጭ። በየመንፈቁ ከቅጂው አንድ ፋይል መልሳችሁ ክፈቱ፤ ተከፍቶ የማያውቅ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠው በሲኤስቪ (በማንኛውም ፕሮግራም በሚከፈት ተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ)፣ የፊደል አጻጻፉም በዩቲኤፍ-8 ይሁን፤ አለበለዚያ በግዕዝ ፊደል የተጻፈው ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይመለሳል። ዳታ ለሕዝብ ሲከፈት ለአዳኝ የሚጠቅመው ይሸሸግ፤ የጎጆና የዋሻ መገኛ ወደ ሰፊ አራት ማዕዘን ይጠቅለል፣ ፎቶ ውስጥ የተደበቀው የጂፒኤስ ነጥብም ይፋቅ። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የፓርኮች ሕግ ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን መገኛ ከሕዝብ መከልከልን ፈቅዷል፤ እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት የፓርኩ የውስጥ መመሪያ ይጻፍ።

በመጨረሻ ብዙዎቻችሁ መደርደሪያ ላይ ያሉ የድሮ ደብተሮች ይኖሯችኋል። መተየብ ከመጀመራችሁ በፊት ገጹን ሁሉ፣ ባዶዎቹንም፣ ሽፋኑንም ፎቶ አንሱ። ቀጥሎ የጉብኝቱን ሠንጠረዥ ብቻ ሙሉ፤ ማን፣ መቼ፣ የት፣ ስንት ኪሎ ሜትር። ይህ የማይገኝለት ደብተር ለዝርያ ዝርዝር ያገለግል ይሆናል፣ ለብዛት ስሌት ግን አይሆንም፤ ስለዚህ የምልከታ ገጾቹን ለመተየብ አትቸኩሉ። ጉብኝቱ ከተሟላላቸው ጀምሩ። የጻፉት ሰዎች በሕይወት ካሉ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ ምልክቶቹን፣ ምህጻረ ቃሎቹን፣ ‹እዚያው› የሚለው ቃል የት እንደሆነ ጠይቁና መልሱን ከጠያቂው ስምና ከቀኑ ጋር በተለየ ዓምድ ጻፉ። ባዶ ሳጥን ስታገኙም ‹ምንም አላያችሁም ወይስ አልሄዳችሁም?› ብላችሁ ጠይቁ፤ ካላስታወሱ ባዶነቱን ተዉት።